ይሉኝታ በጦር ሜዳ

በ1996 ዓ.ም. የማታ ተማሪዎችን ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። የማታ ክፍል ያስተማረ ሰው ያውቀዋል፤ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ጎልማሳ ነው። ግማሹ መምህር፣ ግማሹ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ አንዳንዱም ከሥራ በቀጥታ የመጣ ስለሆነ እራቱን ያልቀመሰ። ከእነዚህ መካከል ከኋላ ወንበር የማይጠፋ አንድ ዝምተኛ ተማሪ ነበር። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ዘምቶ፣ ቆስሎ፣ የተሰናበተ ወታደር መሆኑን የሰማሁት ከጓደኞቹ ነው። እሱ ራሱ አንድም ቀን አንስቶት አያውቅም።

የሴሚስተሩ ልብ ወለድ የአሜሪካዊው ስቴፈን ክሬን «ቀዩ የጀግንነት አርማ» ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1895 የታተመ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ላይ የተጻፈ። ሄንሪ ፍሌሚንግ የሚባል የገጠር ልጅ እናቱን አሳዝኖ ወደ ጦርነት ይሄዳል። የመጀመሪያውን ማጥቃት ከጓዶቹ ጋር ቆሞ ይመክታል። ጠላት ዳግመኛ ሲመጣ ግን ጠመንጃውን ጥሎ ይፈረጥጣል። እኔም ሰሌዳው ላይ በትልቁ «የሞት ፍርሃት» ብዬ ጽፌ ሳብራራ ቆየሁ። ያ ዝምተኛ ተማሪ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ልጁ ሞትን ፈርቶ ሮጠ፤ እሺ። ካመለጠ በኋላ ግን ለምን አያርፍም? ሞት እኮ ወደ ኋላ ቀርቷል።»

«አንተ ምን ይመስልሃል?» አልኩት።

«ከዚያ በኋላማ የሚያባርረው ሞት አይደለም። ይሉኝታ ነው።»

ሰሌዳውን አጠፋሁት። ከዚያች ማታ ጀምሮ የጦርነት ልብ ወለድ ባነበብኩ ቁጥር የማስታውሰው የዚያን ሰው መልስ ነው።

ይሉኝታ የሚለውን ቃል ወደ ሌላ ቋንቋ ለመመለስ የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቃል። እፍረት አለበት፣ ክብር አለበት፣ ሰው ማክበርም አለበት፤ ከሦስቱ ግን ከአንዱም ጋር አንድ አይደለም። «ምን ይሉኛል?» ከሚል ጥያቄ የተወለደ ስሜት ነው። ጸጸት ሰው ብቻውን ጨለማ ቤት ቢቀመጥም አብሮት ይገባል። ይሉኝታ ግን ተመልካች ይፈልጋል፤ ተመልካች ካጣም በምናቡ ይፈጥራል።

ወደ ሄንሪ እንመለስ። ልጁ ጫካ ውስጥ ተደብቆ ሳለ ክፍለ ጦሩ ሳይበተን ጠላትን መመከቱን ይሰማል። ደስ ሊለው በተገባ ነበር፤ ወገኑ አሸነፈ። እሱ ግን እንደተበደለ ሰው ይናደዳል። ጓዶቹ ተሸንፈው ቢሆን ኖሮ የእሱ ሽሽት ብልህነት ይባል ነበራ! ቀጥሎ ከቁስለኞች ሰልፍ ጋር ይቀላቀላል። በደም በተበከለው ልብሳቸው ይቀናል፤ የእሱም ገላ እንዲህ ቢቆስል ይመኛል። አንድ የተጎሳቆለ፣ ደግ ወታደር ጠጋ ብሎ የት ላይ እንደተመታ ሲጠይቀው ልጁ ያንን ጥያቄ ሸሽቶ ይሰወራል። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ከጥይት ሸሸ፣ ቀጥሎ ከአንድ የርኅራኄ ጥያቄ ሸሸ። የትኛው ሽሽት እንደሚከፋ ክሬን አይነግረንም፤ ለእኛ ትቶታል።

በመጨረሻም ቁስሉን ያገኛል። የሚያገኘው ግን ከጠላት አይደለም፤ እንደ እሱ የሚሸሽ የወገን ወታደር ግራ ተጋብቶ በሰደፍ ጭንቅላቱን ይለዋል። ወደ ጓዶቹ ሲመለስ ጥይት የጫረው ይመስላቸዋል፤ እሱም አላስተባበለም። በማግስቱ እንደ አውሬ ተዋጋ። ለዚያ ጀግንነት ከገፋፉት ነገሮች አንዱ ደግሞ አንድ መኮንን ያ ክፍለ ጦር ከበቅሎ ነጂዎች የማይሻል መሆኑን ሲናገር በጆሮው መስማቱ ነው። ቁስሉ ሐሰት፣ ጀግንነቱ እውነት፣ የሁለቱም ምንጭ እፍረት። ክሬን የተወለደው ጦርነቱ ካበቃ ከስድስት ዓመት በኋላ ነበር፤ መጽሐፉን ሲጽፍም ጦር ሜዳ አላየም። ታዲያ እንዴት አወቀ ቢባል፣ ጦርነትን ባያውቅ ሰው ፊት መዋረድን ያውቅ ነበር ነው የእኔ መልስ። እሱን ለማወቅ መዝመት አያስፈልግም፤ ትምህርት ቤት መግባት ይበቃል።

ይህን ነገር ክሬን አልፈጠረውም። የምዕራቡ ዓለም የጦርነት ሥነ ጽሑፍ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የሆሜር «ኢሊያድ» ስለ ትሮይ ጦርነት የሚተርክ ቢሆንም የተረኩ መነሻ በግሪኮቹ መካከል የተፈጠረ ስድብ ነው። የጦሩ አለቃ አጋሜምኖን ከአኪለስ ላይ የድርሻ ምርኮውን ብሪሴይስን በሰው ፊት ይወስድበታል። አኪለስ እንደሆነ ምርኮኛ ሴት አላጣም፤ የጎዳው በሰው ፊት መሆኑ ነው። አኩርፎ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ፤ ባኮረፈበት ጊዜ የገዛ ወገኖቹ እንደ ቅጠል ረገፉ፤ በመጨረሻም የሚወደው ጓደኛው ፓትሮክሎስ የእሱን ጥሩር ለብሶ ሞተ። አንድ ሰው ሲያኮርፍ አገር ይሞታል የሚለውን ነገር እኛም ከታሪካችን አናጣውም።

በወዲያኛው ወገን ያለው ሄክቶር ደግሞ ጨዋ ሰው ነው፤ ቁጡም አይደለም። ሚስቱ አንድሮማኬ ሕፃን ልጃቸውን ይዛ ከግንቡ እንዳይወጣ ስትለምነው፣ እንደ ፈሪ ብሸሽ የትሮይን ወንዶችና ሴቶች አፍራለሁ ይላታል። ቆየት ብሎም ጓደኛው ፖሊዳማስ ሠራዊቱን ሌሊቱን ወደ ከተማው እንዲመልስ ይመክረዋል። ሄክቶር አሻፈረኝ አለ፤ በማግስቱ ሠራዊቱ አለቀ። አኪለስ እየሮጠ ሲመጣ ሄክቶር ብቻውን ከበሩ ውጭ ቀረ። አባቱና እናቱ ከግንቡ ላይ ሆነው ግባ እያሉ እየለመኑት ለምን አልገባም? እሱ ራሱ ይነግረናል፤ ከገባ ፖሊዳማስ ቀድሞ ይወቅሰዋል፤ ከእሱ የሚያንስ ሰው እንኳ በትዕቢቱ ሕዝቡን አስፈጀ ይለዋል። ይህን ላለመስማት ሞትን መረጠ። የዓለምን ታላቅ ጀግና ከበሩ ውጭ ያስቀረው ገና ያልተነገረ ሐሜት ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ደራስያን የጨመሩት ይሉኝታን ከጀግናው ወደ ተራው ወታደር ማውረድ ነው። በዚህ ረገድ ቶልስቶይን የሚያክል የለም። እሱ ክሬን ያላየውን አይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1854 እና 1855 በሴባስቶፖል ከበባ መኮንን ነበር። በ«ጦርነትና ሰላም» ውስጥ ወጣቱ ኒኮላይ ሮስቶቭ እ.ኤ.አ. በ1805 በሾንግራበርን ውጊያ ፈረሱ ተመትቶ ይወድቃል። ፈረንሳዮች ሲመጡበት ሽጉጡን መተኮስ ረስቶ ይወረውርባቸውና እንደ ጥንቸል ይሮጣል። ወደ ጓደኞቹ ሄዶ ሲያወጋ እውነቱን ለመናገር አስቦ ነበር። አድማጮቹ ግን የሚጠብቁት ሌላ ነው፤ ፈረሰኛ እንዴት እንደሚጋልብ፣ ሰይፉ እንዴት ግራ ቀኝ እንደሚቆርጥ። ሮስቶቭ ሳይታወቀው እነሱ የሚፈልጉትን ወሬ ያወራላቸዋል። ቶልስቶይ ውሸታም አይለውም። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጥረት ይጠይቃል፤ ወጣቶችም ይህ ጥረት ይከብዳቸዋል የሚል ነው ሐሳቡ። በመሃል ልዑል አንድሬ ገብቶ በአነጋገሩ ሲያሽሟጥጠው ሁለቱ ለጠብ ይጋበዛሉ። ከፈረንሳይ ጥይት የሸሸው ልጅ ለአንዲት ሽሙጥ ለመሞት ተዘጋጀ!

በዚሁ ውጊያ ውስጥ ሻምበል ቱሺን የሚባል አጭር፣ ዓይን አፋር የመድፈኛ አዛዥ አለ። ሌላው ሲሸሽ እሱ ከጥቂት ሰዎች ጋር መድፎቹን ይዞ ቀርቶ የጦሩን ማፈግፈግ አዳነ። ማታ አዛዡ ጠርቶ ለምን መድፍ ትተህ መጣህ ሲለው ግን ቱሺን ላብ ያጠምቀዋል፤ እንባው ይመጣል። ድጋፍ የሚሰጠው ጦር አልነበረም ብሎ እውነቱን መናገር ይችል ነበር፤ ሌላ መኮንን እንዳያስወቅስ ብሎ ዝም አለ። መድፍ ያልበገረው ሰው በአለቃው ዓይን ተሸነፈ። በመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ቱሺንን ያውቀዋል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ደራሲ የሰውን ልብ ገልጦ ስላሳየን ነገር ነው። ነገር ግን መጽሐፉ ራሱ መሣሪያ የሚሆንበት ጊዜም አለ። እንግሊዛዊው ሜሰን እ.ኤ.አ. በ1902 «አራቱ ላባዎች» የሚል ልብ ወለድ አሳተመ። አንድ ወጣት መኮንን ክፍሉ ሊዘምት ሲል ከሠራዊቱ ይለቃል። ሦስት ጓደኞቹ የፈሪነት ምልክት የሆነውን ነጭ ላባ ይልኩለታል፤ አራተኛውን እጮኛው ትሰጠዋለች። እሱም ያንን ላባ ለመመለስ ሱዳን በረሃ ድረስ ይንከራተታል። አስደሳች የጀብዱ መጽሐፍ ነው፤ ሰው ወደደው። አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1914 ፔንሮዝ ፊትዝጄራልድ የሚባሉ ጡረተኛ አድሚራል በፎክስተን ከተማ ሠላሳ ሴቶችን አደራጁ፤ ሥራቸውም የወታደር ልብስ ላልለበሰ ወጣት ሁሉ በአደባባይ ነጭ ላባ መስጠት ነበር። ነገሩ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ቆስሎ ተሰናብቶ በሲቪል ልብስ የሚሄደውም፣ ለእረፍት የመጣውም ላባውን እየተቀበለ አንገቱን ደፋ። እንግሊዝ የግዴታ ውትድርና ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። እስከዚያ ድረስ ሕጉን ይሉኝታ ተክቶ ሠራ። ይሉኝታ ካላቆማቸው መካከል በፈሪነት፣ በመክዳትና በመሳሰለው ተከሰው በገዛ ወገናቸው የተረሸኑ 306 ወታደሮች ይቅርታ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ከዘጠና ዓመት በኋላ።

በጀርመን በኩልም ያው ነው። ሬማርክ እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው «በምዕራቡ ግንባር ሁሉም ሰላም ነው» ውስጥ ካንቶሬክ የሚባል መምህር አለ። ክፍሉን ሙሉ እየነዳ ለምዝገባ ይወስዳል። አንድ ወፍራም፣ ሰላማዊ ልጅ ብቻ ያመነታል፤ ዮሴፍ ቤም። እሱም ወላጆች ሳይቀሩ ልጆቻቸውን ፈሪ በሚሉበት ጊዜ ከሰው ተለይቶ መኖር ስለማይችል ተመዘገበ። ከክፍሉ ቀድመው ከሞቱት አንዱ እሱ ሆነ። ይህን መጽሐፍ በማስተምርበት ጊዜ ስለ ካንቶሬክ ስናገር ድምፄ ይለሰልስ ነበር። ምክንያቱን ወደ መጨረሻ እነግራችኋለሁ።

ነገሩን በግልጽ አማርኛ፣ ይቅርታ በግልጽ እንግሊዝኛ፣ የተናገረው ቲም ኦብራየን ነው። በቪየትናም እ.ኤ.አ. በ1969 እና 1970 ወታደር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የራሱን ስም የሰጠው ገጸ ባሕሪ አለ። ጦርነቱን ይቃወማል፤ የምልመላ ወረቀት ይደርሰዋል፤ ወደ ካናዳ ድንበር ይሸሻል። አንድ ሽማግሌ በጀልባ አድርገው ከካናዳ ዳርቻ ጥቂት ሜትር ላይ ያደርሱታል። መዝለል ብቻ ነው የቀረው። ልጁ ግን ወንዙ ዳር ወላጆቹን፣ ጎረቤቱን፣ የከተማውን ሰው ሁሉ ተሰልፎ ሲጮህበት ያያል። ማንም የለም፤ እሱ ግን ያያል። አለቀሰና ተመለሰ። ወደ ጦርነት የሄድኩት ፈሪ ስለሆንኩ ነው፤ አፍሬ ነው የሄድኩት የሚል ነው ኑዛዜው።

በእኛ ዘንድ ይህን እውቀት ልብ ወለድ ከመምጣቱ በፊት ፉከራ ያውቀዋል። ፎካሪው በጌታውና በጓደኞቹ ፊት ተነስቶ ዘሩን ይቆጥራል፣ የፈረሱን ስም ይጠራል፣ የሚሠራውን ጀብዱ አስቀድሞ ይናገራል። ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም፤ ምስክሩ ብዙ ነው። በልብ ወለዳችንም ቢሆን ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻን ከተለመደው ውጭ አንገብርም ባሉ ባላገሮች ላይ ሲያዘምቷቸው፣ ከተጓደለው ግብር ይልቅ የተደፈረው ስም እንደሚያንገበግባቸው አሳይተውናል። እኚያ ሰው ተማርከው ሲመለሱ አንባቢ ይስቃል፤ ግን ደግሞ ያዝንላቸዋል።

የአድዋን ድል ስናነሳ የእኛን ወኔ እንጂ የወዲያኛውን ወገን እፍረት ብዙ አናነሳም። በየካቲት 1888 ዓ.ም. ጄኔራል ባራቲየሪ በእንትጮ አቅራቢያ ሰፍሮ ነበር፤ ስንቁ እያለቀ ነው፤ የሚያዋጣው ማፈግፈግ መሆኑን ያውቃል። ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ቴሌግራም መጣለት፤ የሚያካሂደውን ጦርነት ቀስ በቀስ ከሚያመነምን የሳንባ በሽታ ጋር የሚያመሳስል ዘለፋ። ባራቲየሪ አራቱን ጄኔራሎቹን ሰብስቦ ስለ ማፈግፈግ ሐሳብ ጠየቀ። አራቱም አይሆንም አሉ። ዳቦርሚዳ፣ ኢጣሊያ በውርደት ከማፈግፈግ ሁለት ሦስት ሺህ ሰው ብታጣ ይሻላታል የሚል ሐሳብ ማቅረቡ ተመዝግቧል። በዚያ ክፍል ውስጥ ከጓደኛው ቀድሞ «እንመለስ» የሚል ማን ነው? ከ17 ሺህ በላይ ሠራዊት ሌሊቱን ተጉዞ የካቲት 23 ቀን አድዋ ተራሮች ውስጥ ገባ። ዳቦርሚዳ ሞተ፤ አሪሞንዲ ሞተ፤ አልበርቶኔ ተማረከ። የምኒልክ ሠራዊት ድል በይሉኝታ የተገኘ አይደለም፤ ብዛቱም፣ አመራሩም፣ ጀግንነቱም የራሱ ነው። ጠላት ግን በዚያ ሌሊት ወደዚያ ስፍራ እንዲመጣ ከገፉት ነገሮች አንዱ ሰው ፊት የማፈር ፍርሃት ነበር።

አሁን ስለ ካንቶሬክ የገባሁትን ቃል ልፈጽም።

በ1983 ዓ.ም. ሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ተቋርጦ ተማሪው ወደ ብላቴ ወታደራዊ ማሠልጠኛ እንዲሄድ ሆነ። ከመሄዳችን በፊት በነበረው ማታ አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን በዝምታ ሻንጣውን ያስተካክላል። ወደ እናቱ ቤት ሊጠፋ መሆኑ ገብቶናል። ማንም አልተናገረም። እኔ ተናገርኩ። ጎበዝ ቀልደኛ ነበርኩ በዚያን ጊዜ። «ፈሪ ለእናቱ!» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ሻንጣውን አልጋው ሥር ገፋው፤ በማግስቱ አብሮን ሄደ።

እውነቱን ልናገር፤ እኔም የምሄደው አገር ስለምወድ አልነበረም። የምመለስበት ድፍረት ስላጣሁ ነው። ያቺን ቀልድ የወረወርኩት እሱ ላይ ቢሆንም ልመታ የፈለግሁት የራሴን ሻንጣ ነበር።

ግንቦት 13 ቀን ፕሬዚዳንቱ ከአገር ሲወጡ ማሠልጠኛው ተበተነ። ከፊላችን ወደ መሃል አገር ተመለስን፤ ብዙዎች በእግራቸው ወደ ኬንያ ድንበር አቀኑ። እሱ ከሄዱት ጋር ሄደ። በመንገድ ላይ ወባ ያዘው፤ ተረፈ፤ የስደተኛ ጣቢያ ኖረ፤ ከዚያም ሩቅ አገር ተሻገረ። እናቱን ዳግም በሕይወት አላያትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ስልኩን አግኝቼ ደወልኩለት። ብዙ ካወራን በኋላ ያቺን ማታ አነሳሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። ይረሳዋል ብዬ ነበር።

«አንተ ባትናገርም ሳልሄድ አልቀርም ነበር» አለኝ። «ሻንጣዬን ይዤ በሁላችሁ ፊት በሩን ማለፍ ነው የከበደኝ።» ቀለል አለኝ። ከዚያ ዝም አለና፣ «ግን የሳቃችሁትን ሁሉ አልጋ በአልጋ ልቆጥርልህ እችላለሁ» አለ። ቆጠረልኝም።

ያ የማታ ተማሪዬ በሌላ ቀን ሌላ ነገር ነግሮኝ ነበር። በይሉኝታ ብቻ ቁስለኛ ጓዱን ተሸክሞ ከተኩስ ውስጥ መውጣቱን፤ ጥሎት ቢሄድ በሕይወት ከቀሩት ጋር እንዴት ዓይን ለዓይን እንደሚተያይ ጨንቆት። ስለዚህ ይሉኝታ ይጥፋ አልልም። ከሰው የሚያኖረን፣ ሰውንም የሚያስጥለን እሱው ነው። ልዩነቱ የሚመጣው የሚያየን ሰው ከእኛ ጋር አብሮ ጉድጓዱ ውስጥ ነው ወይስ አልጋው ላይ ተጋድሞ እየሳቀ ከሚለው ይመስለኛል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በሰፈራችን ቡና ቤት የእኔ እኩዮች፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰዎች፣ ቡና የሚያቀርብላቸውን ልጅ «አንተ ምን ትሠራለህ እዚህ?» ሲሉት ሰማሁ። ለቀልድ ነው። ሁላቸውም ሳቁ። ልጁም አብሮ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ዝም አልኩ። ለምን አትተዉትም ማለት ነበረብኝ፤ ግን ምን ይሉኛል ብዬ ተውኩት።